ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ዊልበርፎርስ፦ የጥቅምት የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

ዲሲ አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ሳይነጋ ወጣን። እኔና የእህቴ ልጅ ነን። ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። የምታመለክትባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ይዛ ቤቱን ስታምስ ነው የከረመችው። ዝርዝሩ ላይ ዊልበርፎርስ የሚል ስም አለ። እህቴ «ኦሃዮ? ደግሞ እዚያ ማን አለን?» አለች። እኔ ግን ስሙን እንዳየሁ «እኔ እወስዳታለሁ» አልኩ። ስለ ቦታው ብዙ አንብቤያለሁ፤ ረግጬው ግን አላውቅም።

ለማያውቅ ላስረዳ። በአሜሪካ ጥቁር ከነጭ ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ በማይችልበት ዘመን ለጥቁሮች ተብለው የተቋቋሙ፣ ዛሬም ያሉ፣ ወደ መቶ የሚጠጉ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እኛ ሐበሾች በደንብ የምናውቀው ሃዋርድን ነው፤ ዲሲ ነዋ ያለው። ዊልበርፎርስ ሃዋርድን በ11 ዓመት ይቀድመዋል። የተመሠረተው በ1856 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነው። የአፍሪካን ሜቶዲስት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን፣ በአጭሩ ኤ.ኤም.ኢ.፣ ከጥንት እስከ ዛሬ አብራው አለች። ይቺ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የተወለደችው ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ነጮች በሚመሩት ቤተ ክርስቲያን መናቅ የመረራቸው ጥቁሮች በሪቻርድ አለን መሪነት የራሳቸውን ሠርተው ወጡ። አለን ከባርነት ነፃነቱን በገንዘቡ የገዛ ሰው ነው። ይኼን ነገር ያዙልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁሉም ነገር በራስ ገንዘብ እየተገዛ ነው የሚሄደው።

ፔንሲልቫኒያ ላይ ዝናብ ያዘን። ከዚያ የዌስት ቨርጂኒያን ጫፍ ቆርጠን ዊሊንግ ከተማ ላይ የኦሃዮን ወንዝ ተሻገርን። የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ ነበረች። «ቀና በይ» አልኳት። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ በባርነት ሰበብ ከተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ይህ ወንዝ ድንበር ነበር። ከኋላችን ያለው መሬት ያኔ የቨርጂኒያ ነው፤ ሰው ይሸጥበታል፣ ይለወጥበታል። ከፊታችን ያለው ኦሃዮ ባርነት የለበትም። ስንቱ በሌሊት ተሻግሮታል። ተሻግሮም የተያዘ አለ። የፌደራሉ ሕግ ያመለጠን ሰው ከነፃው ስቴት ይዞ ለ«ጌታው» መመለስን ይፈቅድ ነበር። እኛ ድልድዩን በመኪና ለማለፍ ደቂቃ አልፈጀብንም።

ማታ ኮለምበስ ገባን። እዚያ ሐበሻ ሞልቷል፤ ጥብሳችንን በልተን ተኛን።

ዓርብ

ከኮለምበስ ወደ ዊልበርፎርስ አንድ ሰዓት ግድም ነው። ከአውራ ጎዳናው ወርደን መንገድ 42ን ያዝን። ግራና ቀኝ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። በቆሎው ደርቆ ቆሟል፤ ኮምባይነሮች እያጨዱ ነበር። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚይዘው ነገር የለም። ታዲያ በዚህ እርሻ መሐል ነው ሁለት የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤትና አንድ ሙዚየም ጎን ለጎን ያሉት።

የዊልበርፎርስ ግቢ እንደ ሃዋርድ አይደለም። ጠባብና ጸጥ ያለ ነው። ተማሪው በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ሕንፃዎቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ወደዚህ የተዛወረው በ1967 ነው። አሮጌው ግቢ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ያስጎበኘን ልጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በመንገድ ያገኘውን ሁሉ በስም እየጠራ ሰላም ይላል። የእህቴ ልጅ «ሁሉንም ታውቃቸዋለህ?» አለችው። «የማላውቀው ካለ አዲስ ገብቶ ነው» አላት። አየኋት፤ ደስ ብሏታል። የእሷ ሃይስኩል ከዚህ ይበዛል።

የግቢውን ታሪክ ልንገራችሁ፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው።

ስሙ የእንግሊዛዊው የፓርላማ አባል የዊልያም ዊልበርፎርስ ነው፤ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ዕድሜውን የሰጠ ሰው። ቦታው ግን መጀመሪያ የመዝናኛ ሆቴል ነበር። ታዋዋ ስፕሪንግስ ይባላል፤ የማዕድን ውሃ ምንጭ አለው። የደቡብ ባለ እርሻዎች በሰመር እየመጡ ይዝናኑበት ነበር። በባርነት የያዟቸውን ሴቶች አስከትለው የሚመጡም ነበሩ። ሆቴሉ አላዋጣም። ሜቶዲስቶች ወሰዱትና የጥቁሮች ትምህርት ቤት አደረጉት። ከ24ቱ የቦርድ አባላት 4ቱ ጥቁሮች ነበሩ። አንዱ ጳጳስ ዳንኤል ፔይን ናቸው።

ከጦርነቱ በፊት አብዛኞቹ ተማሪዎች እነማን ነበሩ መሰላችሁ? የእነዚያው ባለ እርሻዎች ልጆች። በባርነት ከያዟቸው ሴቶች የወለዷቸው። ደቡብ ውስጥ እነሱን ማስተማር ስለማይቻል ወደዚህ ይልኳቸዋል፤ ክፍያውንም ይከፍላሉ። አስቡት። አባት ልጁን ያስተምራል፤ በሌሎች ሰዎች ልጆች ላይ ግን ባለንብረት ሆኖ ይኖራል። ጦርነቱ በ1861 ሲነሳ ገንዘቡ ቆመ፣ ልጆቹም ተበተኑ። በ1862 ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

ፔይን የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። የተወለዱት በ1811 በደቡብ ካሮላይና፣ ቻርለስተን፣ ከነፃ ጥቁር ወላጆች ነው። ገና በ18 ዓመታቸው ለጥቁሮች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ስቴቱ ጥቁርን ማስተማር የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ1835 ትምህርት ቤታቸውን ዘግተው ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ይህ ቁስል ነው ሕይወታቸውን ሙሉ የነዳቸው ብዬ አምናለሁ። ጳጳስ ከሆኑ በኋላም ካህናቱ ተምረው ካልሆነ በቀር መድረክ ላይ አይውጡ እያሉ ከብዙዎች ጋር ተጋጭተዋል።

በማርች 10 ቀን 1863 ንብረቱ ሊሸጥ ሆነ። ዋጋው 10,000 ዶላር። ፔይን በጌታ ስም ለቤተ ክርስቲያኔ ገዝቼዋለሁ አሉ። በኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት በዚያች ሰዓት በእጃቸው አሥር ዶላር እንኳ አልነበረም። የፕሬዚዳንት ሊንከን የነፃነት አዋጅ ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ደቡብ ውስጥ ሚሊዮኖች አሁንም በባርነት ናቸው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ምዕመን ማን ነው? ልብስ አጣቢ፣ ወጥ ቤት፣ ተሸካሚ፣ ፀጉር አስተካካይ። እነሱ ናቸው ዩኒቨርሲቲ የገዙት። በጥቁሮች ባለቤትነትና አስተዳደር የመጀመሪያው ይህ ነው። ፔይንም የአሜሪካ ኮሌጅ የመጀመሪያ ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ሁለት ዓመት ቆየ። በኤፕሪል 14 ቀን 1865 ሕዝቡ የጦርነቱን ድል ለማክበር አጠገብ ወዳለችው ዚንያ ከተማ ወጥቶ ሳለ ዋናውን ሕንፃ እሳት ለኮሱበት። ወደ አመድ ተለወጠ። ሊንከን የተተኮሰበትም በዚያው ሌሊት ነው። ፔይን እንደገና ልመና ወጡ። እንደገና ተሠራ።

እኛ ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ይህ ነገር አይጠፋብንም። ቤተ ክርስቲያን ለመግዛት ስንት ዓመት አዋጥተናል። ገቢ ማሰባሰቢያ፣ ቃል መግባት፣ ሥዕለ ማርያም አውጥቶ ጨረታ። የታክሲ ሹፌሩ፣ ሆስፒታል የምትሠራው፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው ናቸው ሕንፃውን የገዙት። በዚህ እኮራለሁ። ግን እነዚህ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር አልቆዩም። እኛ አዳራሹንና መኪና ማቆሚያውን ስንጨርስ ደክሞን ቁጭ እንላለን።

ቅዳሜ

ጠዋት መቃብር ስፍራ ሄድን። ከሲደርቪል ወዲህ ማሲስ ክሪክ የሚባል ነው። የፈለግሁት ማርቲን ዴላኒን ነው። ዴላኒ ሐኪም ነበር፣ ጋዜጠኛ ነበር፣ ከባርነት አምልጦ ለጥቁሮች ነፃነት ከታገለው ከፍሬድሪክ ዳግላስ ጋር ጋዜጣ አዘጋጅቷል። ሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት በ1850 ተቀብሎት ነበር፤ ነጭ ተማሪዎች ተቃወሙና አስወጡት። በ1865 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሻለቃ ሆነ። ልጆቹ እንዲማሩ ብሎ ነው ቤተሰቡን ወደ ዊልበርፎርስ ያመጣው። በ1885 እዚሁ አረፈ።

ወንዶች ልጆቹን በሚያከብራቸው ሰዎች ስም ሰየማቸው። አንዱን በሃይቲው መሪ በቱሳን ሉቨርቱር፣ ሌላውን በፈረንሳዊው ጸሐፊ በአሌክሳንደር ዱማ። ሴት ልጁን ኢትዮጵያ አላት። ሙሉ ስሟ ኢትዮጵያ ሃሌ አሚልያ ዴላኒ ነው።

መቃብሩን ለማግኘት ትንሽ ዞርን። ጥቁር ግራናይት ነው፤ ድንጋዩ ከአፍሪካ የመጣ ነው። የዴላኒ ምስል በወታደር ልብሱ ተቀርጾበታል። ይህ ሐውልት የቆመው በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ከ120 ዓመት በላይ የነበረው አንዲት የመንግሥት ድንጋይ ብቻ ናት፤ እሷም ላይ ስሙ ተሳስቶ ነበር የተጻፈው። የሚስቱና የልጆቹ መቃብር ምልክት እንኳ አልነበረውም። ኢትዮጵያ በ1920 ሞታ እዚሁ ከእናትና ከአባቷ ጎን ተቀብራለች። ዙሪያው ሣር ነው፤ ዝናቡ ስላጠበው ግራናይቱ ያበራል። ዳር ዳሩ ላይ የደረቀ ቅጠል ተለጥፎበታል፤ በእጄ አነሳሁት።

የእህቴ ልጅ ሐውልቱን ዞራ አየችና «ጋሼ፣ እኔን እስካሁን ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ መምህር የለም። እሷን ምን እያሉ ጠርተዋት ይሆን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ግን ዴላኒ ያንን ስም ሲያወጣ ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም። ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚያውቃት። ጥቁር ሰው መንግሥትና ሃይማኖት ኖሮት የሚኖርባት አገር መሆኗ በቅቶታል።

ከመቃብሩ ወደ ቻርለስ ያንግ ቤት ሄድን። መንገድ 42 ላይ ነው፤ ዛሬ የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ይጠብቀዋል። ያንግ በ1864 ኬንታኪ ውስጥ በባርነት ተወለደ። ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የተመረቀ ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ በ1889። በ1894 ዊልበርፎርስ ወታደራዊ ሳይንስ እንዲያስተምር ተላከ። ሰፊ ቤት ነው፤ በረንዳ አለው። ደጃፉ ላይ ቆሜ የማስበው ግን ስለ ፈረሱ ነው።

አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ያንግ ከጥቁር መኮንኖች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ቢዘምት ጄኔራል ሊሆን ነው። ነጭ መኮንኖች ደግሞ በጥቁር መታዘዝ አልፈለጉም። ሐኪሞች የደም ግፊት አለብህ አሉት፤ በጡረታ አሰናበቱት። ያንግ በጁን 1918 ፈረሱን ጭኖ ከዚህ ቤት ተነሳ። ዋሽንግተን ድረስ 497 ማይል ነው፤ 800 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በ16 ቀን ገባ። ዕድሜው 54 ነበር። ጤነኛ መሆኔን እዩ ማለቱ ነው። ወደ ሥራ የመለሱት ግን ጦርነቱ ሊያበቃ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። በ1922 ናይጄሪያ ሌጎስ ውስጥ ሞተ። የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረጉ በ2022 ተሰጠው። መቶ ዓመት ዘገየ። ሐሙስ ዕለት በመኪና ስምንት ሰዓት ስለፈጀ ያማረርነውን እያሰብኩ ቤቱን ዞርኩት።

ከሰዓት ሙዚየሙ ገባን። በ1988 የተከፈተው ብሔራዊ የአፍሮ አሜሪካውያን ሙዚየም ነው፤ ያረፈው በአሮጌው የዊልበርፎርስ ግቢ ላይ ነው። በዚህ ግቢ ስንት ሰው ተመላልሷል። ታላቁ የጥቁሮች ምሁር ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ ከበርሊን እንደተመለሰ የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው እዚህ ነው፤ በ1894፣ በዓመት 800 ዶላር። ላቲን፣ ግሪክ፣ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ አስተማረ። ሃይማኖቱ ግን አልሆነለትም። አንድ ቀን የጸሎት ስብሰባ ላይ ሳይነግሩት «አሁን ፕሮፌሰር ዱ ቦይስ በጸሎት ይመሩናል» ሲሉ «አይመራም» ብሎ መለሰ። ሥራውን ሊያጣ ነበር። ሶሲዮሎጂ ላስተምር ብሎም አልፈቀዱለትም። በ1896 አንዲት የዊልበርፎርስ ተማሪ አግብቶ ሄደ። እዚህ ላይ ለእሱ አዝናለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱንም እረዳታለሁ። በምዕመን ሳንቲም የሚኖር ትምህርት ቤት ለምዕመኑ ስሜት መጠንቀቁ አይቀርም። ዋጋም ያስከፍላል፤ ትልቁን ምሁር አጡ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ሻርሎት ማኒዬ ናት። ደቡብ አፍሪካዊት ናት። ከመዘምራን ቡድን ጋር አሜሪካ መጥታ ክሊቭላንድ ላይ ያመጣቸው ሰው ጥሏቸው ጠፋ። ኤ.ኤም.ኢ. ደረሰላቸው፤ ሻርሎትም ዊልበርፎርስ ገባች። አገሯ ላይ ደግሞ ማንጌና ሞኮኔ የሚባል ካህን ከነጮቹ ሜቶዲስቶች ተለይቶ በ1892 ፕሪቶሪያ ውስጥ የራሱን ቤተ ክርስቲያን መሥርቷል። ስሟን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው መዝሙር ወስዶ። ሻርሎት ስለ ኤ.ኤም.ኢ. ለእህቷ የጻፈችው ደብዳቤ ሞኮኔ ጋ ደረሰ። ተጻጻፉ። በ1896 ሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች አንድ ሆኑ። እኛ አድዋ ላይ ድል ያደረግንበት ዓመት መሆኑ ነው።

ሻርሎት በ1901 ተመረቀች፤ ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊት ናት። አገሯ ተመልሳ ከባሏ ጋር ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1913 ሴቶች ጥቁሮች ለመንቀሳቀስ እንዲይዙ የሚገደዱትን የይለፍ ወረቀት አንይዝም ብለው ሲነሱ ከመሪዎቹ አንዷ እሷ ነበረች። ጆሃንስበርግ ያለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ዛሬ በእሷ ስም ነው የሚጠራው። የትዳር ስሟ ማክሴኬ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ሴንትራል ስቴት ዩኒቨርሲቲ አለ። እሱም ከዊልበርፎርስ የወጣ ነው። ኦሃዮ በ1887 በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ቤት ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር የመምህራንና የእጅ ሙያ ክፍል ከፈተ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አዛዥ ሆነ፤ በ1947 ተለያዩ። በኤፕሪል 3 ቀን 1974 ደግሞ ከባድ አውሎ ነፋስ ዚንያን መትቶ ከ30 በላይ ሰው ገደለ፤ የሴንትራል ስቴትን ግቢም አብዛኛውን አፈረሰው። አሁን የሚታየው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው።

እሑድ

ቅዳሴ የሚቀርብ ስላልነበረ ኤ.ኤም.ኢ. ቤተ ክርስቲያን ገባን። በር ላይ ነጭ ጓንት ያደረጉ አንዲት እናት ተቀበሉን። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጡን፤ እንግዳ ከኋላ አይቀመጥም አሉ። ዝማሬው እንደኛ አይደለም፤ ኦርጋንና ከበሮ አለው፣ ሰዉ ሰባኪውን እየመለሰለት ነው የሚሰማው። ምጽዋት ሲደርስ ግን ሰዉ ሁሉ ተነስቶ በሰልፍ ወደ ፊት ይወጣል። ሽማግሌ በምርኩዝ፣ ሕፃን በእናቱ እጅ። ሁሉም ያስቀምጣል።

ከአምልኮ በኋላ እኒያ እናት ምድር ቤት ቡና ሰጡን። ከኢትዮጵያ መሆናችንን ስነግራቸው የእህቴን ልጅ እጅ ይዘው «ልጄ፣ የት ልትማሪ ነው?» አሏት። ገና እንዳልወሰነች ነገረቻቸው። እሳቸው የዊልበርፎርስ ምሩቅ ናቸው፤ እናታቸውም። «እናቴ ሰው ቤት እየሠራች ነው ያስተማረችኝ። ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጠውን ግን አንድ ቀን አላቋረጠችም። ‹እሱም ያንቺው ትምህርት ቤት ነው› ትለኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አላት ወይ ብለው ጠየቁኝ። የእሑድ ትምህርት ቤት አለን አልኩ፤ ልጆቹ ፊደልና ዝማሬ ይማራሉ። «እሱ ጥሩ ነው። ቀጥሎስ?» አሉኝ።

ማታ ሆቴል ሆኜ ያንን ጥያቄ ሳገላብጥ አመሸሁ። ዊልበርፎርስ ቀላል ኑሮ አልኖረም። በቅርብ ዓመታትም የገንዘብ ችግር አናውጦታል፤ የትምህርት ጥራት እውቅናውን ሊያጣ ተቃርቦ ነበር። ትንሽ ነው፣ ሀብታም አይደለም። እንዲህም ሆኖ በ2021 የምረቃ ቀን የ2020 እና የ2021 ተመራቂዎች ለዩኒቨርሲቲው የቀረባቸውን ዕዳ ሰረዘላቸው። በጠቅላላው ከ375,000 ዶላር በላይ ነው። ልጆቹ ይኼን ሲሰሙ እየጮኹ ዘለሉ። የፔይን ትምህርት ቤት መሆኑ የገባኝ ይኼን ሳስታውስ ነው።

ሰኞ

የመመለሻው መንገድ ደረቅ ነበር፤ ተራሮቹ ቀይና ቢጫ ሆነዋል። የእህቴ ልጅ ከዜንስቪል እስከ ዊሊንግ ማመልከቻ ድርሰቷን ስልኳ ላይ ስትጽፍ መጣች። ስለ ማን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ስለ ኢትዮጵያ። ስለ ዴላኒ ልጅ» አለች። ዊልበርፎርስ ትገባለች አልልም። ሃዋርድም ሞርጋን ስቴትም ልታመለክት ነው፤ እናቷም ቅርብ እንድትሆንላት ትፈልጋለች። የምትገባበትን እሷ ትወስን።

እኔ ግን ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ የማቀርበውን አስቤ ጨርሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ እንግዛ አልልም። በየዓመቱ ለጥምቀት ከምናወጣው ላይ ትንሽ ቆርሰን፣ በየወሩም እያንዳንዱ አባወራ አሥር አሥር ዶላር ጨምሮ፣ ለደብሩ ልጆች የኮሌጅ መማሪያ የሚሆን የራሱ ሒሳብ እንክፈት። ሕንፃው ዕዳው ገና ነው የሚል እንደሚነሳ አውቃለሁ። የፔይንም ምዕመን ዕዳ ነበረበት። ቀጣዩ ስብሰባ ኅዳር ላይ ነው፤ አጀንዳ አስይዣለሁ።